ልጅን ከነርሰሪ ማስወጣትና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፦ በእንግሊዝ ለሚኖሩ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በእንግሊዝ አገር ልጃቸውን በግል ነርሰሪ የሚያውሉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጁን ለማስወጣት ሲወስኑ፣ ወይም ካስወጡ በኋላ የክፍያ ጥያቄ ሲደርሳቸው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። «የማስጠንቀቂያ ጊዜ» የምንለው በየዕለቱ ንግግራችን «ኖቲስ» የምንለውን፣ ማለትም መልቀቅዎን ካሳወቁበት ቀን አንሥቶ ውሉ እስከሚያበቃበት ቀን ያለውን ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ በመላው ዩናይትድ ኪንግደም የሚሠራ ሲሆን፣ ስለ ነጻ ሰዓታት፣ ስለ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ስለ ፍርድ ቤት የተባለው ግን በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ የተለየ ነው።

ነርሰሪው ልጄን እንዳላስወጣ ሊከለክለኝ ይችላል?

አይችልም። በእንግሊዝ የትምህርት ግዴታ የሚጀምረው ልጁ 5 ዓመት ከሞላው በኋላ ካለው የትምህርት ወቅት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ልጅን ነርሰሪ መላክም ሆነ ማስቀረት የወላጅ ፈቃድ ነው። ከነገ ጀምሮ ላለመውሰድ ቢወስኑ የሚጠይቅዎ ሕግ የለም፤ የሚቀረው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው።

ልጁ ላልዋለበት ጊዜ ገንዘብ የሚጠይቁት በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄው ቢያበሳጭም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነርሰሪዎች በሚመሩበት ደንብ መሠረት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ 3 ሕፃናት ቢያንስ 1 ተንከባካቢ፣ 2 ዓመት ለሞላቸው 5 ልጆች ደግሞ 1 ተንከባካቢ መመደብ ግዴታ ነው፤ የኋለኛው ቁጥር እስከ 2023 ክረምት ድረስ 1 ለ4 ነበር። ከ3ቱ ሕፃናት አንዱ ሲወጣ የተንከባካቢዋ ደመወዝ በሲሶ አይቀንስም፤ ተተኪ ሕፃን እስኪገኝ የጎደለውን ነርሰሪው ከኪሱ ይሸፍናል። የማስጠንቀቂያ ጊዜ የተፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ክርክርዎን ሲያዘጋጁ ይህን ምክንያት በደንብ መያዝ ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱም ነርሰሪው የሚጠይቀው ገንዘብ ከዚህ ዓላማ ምን ያህል እንደራቀ ማሳየት የጉዳዩ ዋና ነጥብ ነው።

ውሉን ሳላነበው ነው የፈረምሁት። ያስገድደኛል?

በመሠረቱ አዎን፤ ፊርማ ያለ ንባብም ቢሆን ያስራል፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስም ብቻውን ከውል አያስወጣም። ሆኖም የሸማቾች መብት ሕጉ ሦስት በሮች ይከፍታል። አንደኛ፣ የውል ቃል ግልጽና ሰው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ከሆነም ለሸማቹ የሚጠቅመው ትርጉም ይወሰዳል። ሁለተኛ፣ የውሉ ቃል ከቅን ልቦና ውጭ በሁለቱ ወገኖች መብትና ግዴታ መካከል ሸማቹን የሚጎዳ ከፍተኛ አለመመጣጠን ከፈጠረ ሸማቹን አያስርም። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰና በቂ ማስረጃ ከቀረበ፣ ወላጁ ነጥቡን ባያነሣው እንኳ ዳኛው ራሱ የውሉን ቃል ፍትሐዊነት የመመርመር ግዴታ አለበት። ጠበቃ ለማይዝና በቋንቋው ለሚቸገር ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማስጠንቀቂያው ቃል የሰፈረው ከፈረሙ በኋላ በተሰጥዎ የወላጆች መመሪያ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም በኢሜይል ተልኮ እርስዎ ያልተስማሙበት አዲስ ቃል ከሆነ፣ በፈረሙበት ቀን የውሉ አካል አልነበረም ብለው መከራከር ይችላሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የፈረሙትን ወረቀት ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ስልክ ላይ የሚሰጥ ማብራሪያ ውሉን አይተካም።

ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ነርሰሪዎች «የ1 ወር ማስጠንቀቂያ» ብለው ሊጽፉና ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ለምሳሌ ወርኃዊ ክፍያዎ 1,200 ፓውንድ ነው፤ ደብዳቤዎ የደረሰው ማርች 3 ነው እንበል። ውሉ «ማስጠንቀቂያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 4 ሳምንት» የሚል ከሆነ ግዴታዎ ማርች 31 ላይ ያበቃል። ውሉ «ከሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ጀምሮ አንድ ሙሉ ወር» የሚል ከሆነ ግን እስከ ኤፕሪል 30 ይከፍላሉ፤ በ3 ቀን መዘግየት የአንድ ወር ሙሉ ክፍያ ተጨመረ ማለት ነው። መልቀቅ ካሰቡ፣ ቁርጥ ውሳኔ ላይ ባይደርሱም እንኳ፣ የወሩ መጨረሻ ሳያልፍ ውሉን አውጥተው ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ያንብቡ።

ሌላም የሚዘለል ነገር አለ። 4 ሳምንትና አንድ ወር እኩል አይደሉም። ነርሰሪው የዓመቱን ዋጋ በ12 ከፍሎ የሚያስከፍል ከሆነና በዓመት 52 ሳምንት የሚሠራ ከሆነ፣ የ1,200 ፓውንዱ ክፍያ በሳምንት 276 ፓውንድ ከ92 ሳንቲም ይመጣል፤ የ4 ሳምንቱ ድምር ደግሞ 1,107 ፓውንድ ከ69 ሳንቲም ነው። ውሉ «4 ሳምንት» እያለ የወር ሙሉ ክፍያ ከተጠየቁ 92 ፓውንድ ከ31 ሳንቲም ያለ አግባብ ተጠይቀዋል። ይህን ዓይነት ስሕተት በትሕትና ጠቁሞ ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኢሜይል የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ለሥራ አስኪያጇ በቃል ነግሬያታለሁ፤ አይበቃም?

አብዛኞቹ ውሎች በጽሑፍ ስለሚሉ በራሱ አይበቃም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ልጅ ሲያስረክቡ በር ላይ የተባለውን ነገር ከሁለት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም፤ ያቺ ሥራ አስኪያጅም ሥራ ለቅቃ ሊሆን ይችላል። በቃል ከነገሩ በዚያኑ ዕለት «ዛሬ ጠዋት እንደነገርኋችሁ» ብለው ኢሜይል ይላኩ። በሌላ በኩል፣ ሥራ አስኪያጇ «ግድ የለም፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቁ» ብላ ከነበረና እርስዎ ያንን አምነው ከወሰኑ፣ ነጋዴ ስለ አገልግሎቱ ለሸማች የተናገረውና ሸማቹ አምኖ የወሰነበት ቃል እንደ ውል ቃል ሊቆጠር እንደሚችል የሸማቾች መብት ሕጉ ይደነግጋል። ምስክር ወይም የስልክ መልእክት ካለ ያስቀምጡት።

ስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው ፍትሐዊ የሚባለው?

ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። በቀን ነርሰሪዎች ዘንድ የተለመደው 4 ሳምንት ወይም አንድ ወር ሲሆን፣ 2 ወር የሚጠይቁም አሉ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የአንድ ሙሉ የትምህርት ወቅት ማስጠንቀቂያ መጠየቅ ልማዳቸው ነው። በዚህ ገጽ ጸሐፊ እምነት በግልጽ የተጻፈ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያን ከመነሻው ፍትሐዊ አይደለም ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው፣ በተለይም ነርሰሪው ራሱ ልጁን በ1 ሳምንት ማስጠንቀቂያ የማስወጣት መብት ወስዶ ወላጁን በ2 ወር ሲያስር፣ ወይም ለሙሉ ጊዜውም ሆነ ለሳምንት አንድ ቀን ልጅ እኩል የተቆረጠ ከፍተኛ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ መከራከር ግን ተገቢ ነው። ሕጉ ፍትሐዊ ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው የውል ቃላት መካከል ውሉን ያቋረጠ ሸማች ከልክ ያለፈ ካሳ ወይም ላልተሰጠ አገልግሎት ከልክ ያለፈ ገንዘብ እንዲከፍል የሚያደርጉ ይገኙበታል።

ቦታውን ወዲያው ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። እንዲህም ሆኖ ሙሉውን ልክፈል?

በዚህ ገጽ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ መልሱም ሁለት ነገሮችን በመለየት ይጀምራል። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ የልጅዎ ቦታ እስከ መጨረሻው ቀን ክፍት ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ በፈቃድዎ ልጁን ቤት ካስቀሩት፣ የሚከፍሉት ቀርቦልዎት ላልተጠቀሙበት አገልግሎት ነው፤ ይህን ማስቀረት ይከብዳል። ስለዚህ ሌላ ችግር ከሌለ ልጁ በማስጠንቀቂያው ጊዜ ነርሰሪው መዋሉን ቢቀጥል ይሻላል፤ የሚከፍሉበትን እንክብካቤ አኩርፎ መተው የሚጠቅመው ነርሰሪውን ብቻ ነው።

ነርሰሪው ግን «ከዛሬ ጀምሮ ልጁን አታምጡት» ካለ፣ ወይም ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ከሁለት ወላጅ ለአንድ አልጋ እያስከፈለ ከሆነ፣ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ የአገልግሎት ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ካሳ ይሆናል፤ ካሳ ደግሞ ከደረሰ ጉዳት ጋር መመጣጠን አለበት። የሸማቾችን ሕግ ከሚያስፈጽሙት መሥሪያ ቤቶች ዋናው የሆነው የውድድርና የገበያዎች ባለሥልጣን፣ በአጭሩ ሲኤምኤ፣ በ2015 ባወጣው ፍትሐዊ ስላልሆኑ የውል ቃላት የሚናገር መመሪያ የያዘው አቋም፣ ሸማች ውል ሲያቋርጥ ነጋዴው ሊይዝ የሚገባው በእርግጥ የደረሰበትን ኪሳራ የሚሸፍነውን ያህል እንደሆነና ያዳነው ወጪ ወይም ከሌላ ደንበኛ ያገኘው ገቢ መታሰብ እንዳለበት ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ነርሰሪዎችን በዘጋበት ወቅት፣ ቦታ ለማስጠበቅ በሚል ላልተሰጠ እንክብካቤ ከፍተኛ ክፍያ ይጠይቁ ስለነበሩ ነርሰሪዎች ከወላጆች ቅሬታ ደርሶት ለዘርፉ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር።

እንግዲህ ነርሰሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ያለብዎ ሦስት ነገር ነው፤ ቦታው መቼ በሌላ ልጅ ተያዘ፣ በተጠባባቂነት የተመዘገቡ ቤተሰቦች ነበሩ ወይ፣ ከምግብና ከመሳሰለው ምን ያህል ወጪ ተቀነሰ። የሌላ ልጅ ስም አይጠይቁ፤ ያንን ሊነግሩዎ አይችሉም፤ ቀኑን ግን መናገር ይችላሉ። ዝምታቸው ራሱ ኋላ ላይ በዳኛ ፊት የሚናገር ነገር አለው። ሲኤምኤ ራሱ የእርስዎን የግል ጉዳይ ይዞ አይከራከርልዎትም፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ግን የሸማች ሕግን የጣሰ ድርጅትን ያለ ፍርድ ቤት ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ የመቅጣት ሥልጣን ስላገኘ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ነርሰሪዎች መመሪያውን ችላ የሚሉበት ጊዜ አልፏል።

መያዣ ብዬ የከፈልሁት ገንዘብስ?

ዲፖዚቱ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ውሉ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ መናገር አለበት። ማስጠንቀቂያ በትክክል ሰጥተው ከለቀቁ ከመጨረሻው ሂሳብ ተቀንሶ ወይም በእጅዎ መመለስ ይገባዋል። የተለመደው በደል ነርሰሪው ዲፖዚቱን ወርሶ የማስጠንቀቂያውን ክፍያ ደግሞ በሙሉ ሲጠይቅ ነው፤ ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ካሳ የለም። የተያዘው ቦታ በመንግሥት የሚሸፈን ነጻ ሰዓት ከሆነ ደግሞ፣ ነጻውን ቦታ ለማስያዝ የተከፈለ ዲፖዚት ሊመለስ የሚገባው መሆኑን የመንግሥት መመሪያ ይናገራል።

ልጄ የሚውለው በነጻ ሰዓት ነው። ማስጠንቀቂያ ይመለከተኛል?

በከፊል። በእንግሊዝ 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ልጆች ሁሉ በዓመት 570 ሰዓት፣ ማለትም ለ38 ሳምንት በሳምንት 15 ሰዓት ያገኛሉ፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ መስፈርቱን የሚያሟሉ ሠራተኛ ወላጆች ልጃቸው 9 ወር ከሞላው በኋላ ካለው ወቅት አንሥቶ ትምህርት ቤት እስኪገባ በሳምንት 30 ሰዓት ያገኛሉ። ለእነዚህ ሰዓታት ነርሰሪውን የሚከፍለው ካውንስሉ ነው፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በየወቅቱ ልጆች በሚቆጠሩበት ሳምንት ነው። ልጁን ከዚያ ሳምንት በኋላ ካዛወሩት ገንዘቡ ከልጁ ጋር ወደ አዲሱ ነርሰሪ ይሄዳል ወይስ የቀድሞው ጋ ይቀራል የሚለው ከካውንስል ካውንስል ይለያያል። ካውንስሉን ሳይጠይቁ በወቅቱ መካከል ያዛወሩ ወላጆች አዲሱ ነርሰሪ እስከ ወቅቱ መጨረሻ በግል ክፈሉ ሲላቸው ይደነግጣሉ፤ አንድ የስልክ ጥሪ ወደ ካውንስሉ የቤተሰብ መረጃ አገልግሎት ይህን ያስቀራል።

ከነጻው ሰዓት በላይ ለሚገዙት ተጨማሪ ሰዓት የፈረሙት ውል ግን እንደማንኛውም ውል ይሠራል። ነርሰሪው ነጻዎቹን ሰዓታት ጭምር በግል ዋጋ አስልቶ የማስጠንቀቂያ ክፍያ ከጠየቀዎ ሂሳቡን ዘርዝሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ጉዳዩን ለካውንስሉ ያቅርቡ፤ ነጻው ሰዓት ለወላጁ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ማድረግ የካውንስሉ ኃላፊነት ነው። በዩኒቨርሳል ክሬዲት የልጅ እንክብካቤ ወጪ የሚረዱ ከሆነ ልጁ የለቀቀበትን ቀን ወዲያው ማሳወቅዎን አይርሱ፤ ያለበለዚያ ከነርሰሪው ዕዳ በላይ ሌላ ዕዳ ይከማቻል።

ለክረምት ኢትዮጵያ ሄደን 2 ወር እንቆያለን። ክፍያው ይቆማል?

በራሱ አይቆምም። አንዳንድ ነርሰሪዎች በግማሽ ዋጋ ቦታ ያቆያሉ፤ ይህ ግን በስምምነት የሚገኝ እንጂ መብት አይደለም። ከመሄድዎ በፊት አስልተው ይመልከቱት፤ የ2 ወር ክፍያ ከሚከፍሉ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወጥቶ ሲመለሱ እንደገና መመዝገብ ሊረክስ ይችላል፤ ቦታ የማጣት አደጋው ግን የእርስዎ ነው።

ልጁ አልለመደም፤ በ2ኛው ሳምንት ነው ያስወጣሁት።

የሐዘኔታ ጉዳይ ቢሆንም አብዛኞቹ ውሎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃሉ። ውሉ የመላመጃ ወይም የሙከራ ጊዜ እንዳለው ያረጋግጡ። ከሌለው፣ ልጁ የቀጠለበት ጊዜ አጭር መሆኑና ቦታው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለሌላ ሊሰጥ ይችል የነበረ መሆኑ ለድርድር ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙ ሥራ አስኪያጆችም እዚህ ላይ ይለሳለሳሉ።

ልጄ ተጎድቶብኝ ነው ያወጣሁት። እንዲህም ሆኖ ማስጠንቀቂያ አለብኝ?

ነርሰሪ አገልግሎቱን በተገቢ ጥንቃቄና ችሎታ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን ግዴታ በከባዱ ከጣሰ፣ ለምሳሌ ልጁን ያለ ጠባቂ ከቅጥር እንዲወጣ ካደረገ፣ የታወቀ የምግብ አለርጂ ያለውን ልጅ የተከለከለውን ምግብ ካበላ ወይም ተደጋጋሚ ጉዳት ሳያሳውቅ ካለፈ፣ ውሉን ያፈረሰው ራሱ ስለሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላሉ፤ የዋጋ ቅናሽም ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን በደረጃው ላይ ነው። የጠፋ ካልሲ፣ የተቀየረ ተንከባካቢ፣ አንድ ቀን የዘገየ የዳይፐር ቅያሬ ቅር ያሰኛል እንጂ ውል አያፈርስም። ምክንያቱ ከባድ ከሆነ በወጡበት ዕለት በጽሑፍ ይግለጹት፤ «ቤት ስለቀየርን ነው» ብለው በይሉኝታ ከወጡ በኋላ፣ የክፍያ ጥያቄ ሲመጣ ስለ ጉዳቱ ማንሣት ያስጠረጥራል። የአደጋ መዝገቡን ቅጂ፣ ፎቶግራፍና የሐኪም ወረቀት አብረው ያስቀምጡ።

ቅሬታዬን ኦፍስቴድ አይፈታልኝም?

የክፍያ ክርክርን አይፈታም። የነርሰሪዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሆነው ኦፍስቴድ የሚመረምረው የሕፃናቱን ደኅንነትና የእንክብካቤውን ጥራት ነው። ስለ እንክብካቤው በጽሑፍ ለነርሰሪው ያቀረቡት ቅሬታ ግን በ28 ቀን ውስጥ ውጤቱ ሊነገርዎ ይገባል። ኦፍስቴድን ለገንዘብ ድርድር ማስፈራሪያ ማድረግ አይመከርም፤ የሚያሳስብ ነገር ካለ ያሳውቁ፣ ከሌለ ይተዉት። ለክፍያው ክርክር የሚረዳዎ የሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር ሲሆን ቁጥሩ 0808 223 1133 ነው፤ ጥሪው ነጻ ነው።

ደብዳቤዬን እንዴት ልጻፈው?

አጭርና ቁጥር ያለው ይሁን። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ የሰጡበትን ቀንና የልጁን የመጨረሻ ቀን፣ ቀጥሎ የሚቀበሉትን ሂሳብ፣ ከዚያ የማይቀበሉትንና ምክንያቱን፣ በመጨረሻ የሚያቀርቡትን ገንዘብና መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ይጻፉ። ወርኃዊ ክፍያው 1,200 ፓውንድ፣ ዲፖዚቱ 300 ፓውንድ፣ የተጠየቁት የ2 ወር ክፍያ 2,400 ፓውንድ ከሆነ፣ ደብዳቤው በአማርኛ ቢታሰብ እንዲህ ያለ ይሆናል፦

«ውሉ ለወላጅ የ2 ወር፣ ለነርሰሪው ግን የ1 ሳምንት ማስጠንቀቂያ ስለሚያስቀምጥ በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የልጄ ቦታም በ3ኛው ሳምንት በሌላ ልጅ መያዙን ተረድቻለሁ። ይሁንና ጉዳዩን በስምምነት ለመጨረስ የአንድ ወር ክፍያ 1,200 ፓውንድ እንዳለብኝ ተቀብዬ፣ በእጃችሁ ያለው 300 ፓውንድ ተቀንሶ 900 ፓውንድ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ። ይህ ክርክሩን በሙሉ የሚዘጋ የመጨረሻ ክፍያ እንዲሆን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።»

ስድብ፣ ዛቻና የልጅን እንባ የሚተርክ ረጅም ታሪክ አይጨምሩ። ያመኑበትን ክፍል አለመከራከር ባልተቀበሉት ላይ ያለዎትን ተአማኒነት ያጠናክራል።

ዳይሬክት ዴቢቱን ባንክ ሄጄ ላቋርጠው?

ማቋረጥ መብትዎ ነው፤ ዕዳውን ግን አያጠፋውም። ጽሑፍ ሳይልኩ ክፍያውን ብቻ ካቋረጡ ማስጠንቀቂያ ያልሰጠ ወላጅ ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ውል የመዘግየት ክፍያም ይጨምራል። ደብዳቤውን አስቀድመው ይላኩ።

ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ ላከልኝ። ቤቴ ሊመጡ ይችላሉ?

ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ዕቃ የመውሰድም ሆነ ወደ ቤት የመግባት ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩም የወንጀል ጉዳይ አይደለም። «ዕዳው ክርክር ያለበት ነው» ብለው በጽሑፍ ይመልሱና የነርሰሪውን ደብዳቤዎች አያይዙ። ችላ ማለት የሌለብዎ «ከክስ በፊት የሚላክ ደብዳቤ» የሚባለውን ነው። አንድ ድርጅት ግለሰብን በዕዳ ከመክሰሱ በፊት ይህን ደብዳቤ ከመልስ መስጫ ቅጽ ጋር ልኮ 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤት ወረቀት ከደረሰዎ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ወረቀቱ መድረሱን በሚያረጋግጠው ቅጽ ካሳወቁ ወደ 28 ቀን ይራዘማል። ኢትዮጵያ ሄደው ሳለ ፖስታ የሚያይልዎ ሰው ከሌለ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መልስ ያልተሰጠበት ክስ ያለ ክርክር ይፈረድበታል፣ ፍርዱም በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ በብድር ታሪክዎ ላይ ለ6 ዓመት ይቀመጣል። የቤት ኪራይ ወይም የባንክ ብድር ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ከማስጠንቀቂያው ክፍያ ይከብዳል።

ዲፖዚቴን ለማስመለስ እኔ ልክሰስ?

እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ጉዳይ በአነስተኛ ክርክሮች መስመር ይታያል፤ ጠበቃ አያስፈልግም፤ የተሸነፈ ሰውም በአብዛኛው የሌላውን ወገን ጠበቃ አይከፍልም። የመክፈቻው ክፍያ እስከ 300 ፓውንድ ለሆነ ጥያቄ 35 ፓውንድ፣ ከዚያ በላይ እስከ 500 ለሆነው 50፣ እስከ 1,000 ለሆነው 70 ፓውንድ ሲሆን፣ ካሸነፉ ይመለስልዎታል። ከሜይ 2024 ጀምሮ እንዲህ ያለ የገንዘብ ክርክር ችሎት ከመድረሱ በፊት በስልክ በሚደረግ የ1 ሰዓት ነጻ ሽምግልና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ሽምግልና ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እዚህ ሽማግሌው ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ ማነጋገሩና ማን እንዳጠፋ አለመፍረዱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት እስከ ስንት እንደሚወርዱ ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ፤ ሁለታችሁም ውሉን ከፈረማችሁ እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ዕዳ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ገንዘቡን እስክከፍል የልጁን ማኅደር አንሰጥም ብለውኛል።

የልጅዎ የመረጃ መብት በዕዳ ሊያዝ አይችልም። በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ስለ ልጅዎ የያዙትን መረጃ ቅጂ በጽሑፍ ሲጠይቁ በመደበኛው በ1 ወር ውስጥ፣ ያለ ክፍያ ሊሰጡዎ ይገባል፤ የዕድገት ማስታወሻው፣ የአደጋ መዝገቡና ልጁን የሚመለከቱ ኢሜይሎች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጥያቄውን ከክፍያው ክርክር በተለየ ኢሜይል ይላኩት፤ አዲሱ ነርሰሪ የሚፈልገው በ2 ዓመት ዕድሜ የሚደረገውን የዕድገት ምዘና ከሆነ ደግሞ፣ በዚያን ጊዜ ለእርስዎ በአጭር ጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባ ስለነበር መጀመሪያ የራስዎን ኢሜይልና የልጁን ቦርሳ ይፈትሹ።